ባዛር የማይሄዱት አቶ ዴልማር

አቶ ዴልማር ክቪስታድን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ብጀምር ዋሽቻለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ወዲህና ወዲያ ቆመን ሚስማር፣ የቀለም ብሩሽና የብልቃጥ ክዳን ሸጬላቸዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ካወራነው ውስጥ ግማሹ ስለ ዝናብ ነው፤ ሌላው ግማሽ ስለ ዝናብ መቅረት። ቤታቸው የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳልጋበዝ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ነው። ተሳስቼም ከሆነ ሄግዳል ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያርመኝ አላጣም።

አቶ ዴልማር ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወተት ቦቴ ነድተዋል። ጎህ ሳይቀድ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ወተት ይሰበስቡና ለቅቤ ፋብሪካው ያስረክቡ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሁለት ሆነ። አንደኛው ጠዋት ጠዋት ማቪስ ካፌ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ከጡረታውም በፊት የጀመሩት፣ ባዛር አለመሄድ።

ባዛር ስል የሚኒሶታን ዓመታዊ ባዛር ማለቴ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አስራ ሁለት ቀን ይቆያል። ላሙም፣ አሳማውም፣ ማርማላታውም፣ ብርድ ልብሱም ይወዳደርበታል፤ የሚበላ ነገር ሁሉ እንጨት ላይ ተሰክቶ ይሸጥበታል። ባዛር የማይሄድ ሰው ሞልቷል። አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ አንዱ ሙቀት አይችልም፣ ወሩ አልቆ ነው ትዝ የሚለውም አለ። አቶ ዴልማር ግን አለመሄዱን በሰዓቱ ተነስተው የሚሠሩት ሥራ አድርገውት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተውታል። ለምን እንደ ቀሩ ሲጠየቁ ምክንያት አያጡም፤ እንዲያውም ይበዛባቸዋል። ዛሬ የሰጡት ምክንያት ትናንት ከሰጡት ጋር አይገጥምም።

ወሬውን በየዓመቱ የሚጀምረው ገርሃርድ ሩድ ነው። ገርሃርድ ፀጉር አስተካካያችን ነው፤ ባዛሩ በሚከፈትበት ቀን ሱቁን ዘግቶ ካልሄደ ያመዋል።

«ዘንድሮስ ዴልማር?»

«ዘንድሮስ ምን?»

«ትሄዳለህ ወይ?»

«ምን ላደርግ? ለመኪና ማቆሚያ ከፍዬ፣ ለመግቢያ ከፍዬ፣ ጎረቤቴ ግቢ የማየውን አሳማ ልጎበኝ?»

«የጎረቤትህ አሳማ ሪባን የለውም።»

«ለዚህ እኮ ነው ጠባዩ ያልተበላሸ።»

የካፌዋ ባለቤት ማቪስ ቡና እየቀዳች ወሬው መሃል ትገባለች። «የቅቤውን ሐውልትስ? እንደዚያ ያለች ቆንጆ ልጅ ከቅቤ ስትቀረጽ ማየት አያምርህም?»

«ቅቤውን ገና ወተት ሳለ ሠላሳ አንድ ዓመት አመላልሼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም።»

«እሺ ይሁን» ይላል ገርሃርድ፤ «ባዛር ያልሄደ ሰው በጥር ምን ያወራል? በረዶው በር ሲዘጋብህ የምታኝከውን ወሬ ከየት ታመጣለህ?»

«አንተ አለህ አይደል? እንደ ምንም ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።»

ማቪስ በዚህ ክርክር ከማንም ጋር አትወግንም። «እኔ የምሄደው እግሬን ለማሳመም ነው» ትላለች። «እግሬ አብጦ ስመለስ በጋው ማለቁን አውቃለሁ። ካልሄድኩ መስከረምም አይገባልኝ።»

የሚገርመው አቶ ዴልማር ስለ ባዛሩ የማያውቁት ነገር አለመኖሩ ነው። አንድ ጠዋት ገርሃርድ ከፈረስ ጋጣው አጠገብ ስለሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ እያወራ ሳለ «እሱማ ተነስቷል» ብለው አቋረጡት፤ «አሁን ከበግ ጋጣው ጀርባ ነው፤ በፊት የሸክላ ሠሪዎቹ ድንኳን ከነበረበት።» ሁላችንም ዞረን አየናቸው። «ጋዜጣ ላይ ነው ያየሁት» አሉና ጎንበስ ብለው እንቁላላቸውን መብላት ቀጠሉ። ጋዜጣችንን እኔም አነባለሁ። ስለ ሎሚ ጭማቂ የሚጽፍ ጋዜጣ አይደለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አርሊስ ግን በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ሄግዳልን ያስጠሩት እሳቸው ናቸው። በእንስላልና በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ይዘው ቀርበው ሰማያዊውን ሪባን፣ ማለትም አንደኝነቱን፣ አምስት ጊዜ ወስደዋል። ሰርግም ሆነ ለቅሶ የአርሊስ ኪያር ካልቀረበበት ማዕዱ ጎደለ ይባላል። አቶ ዴልማር በዚህ ጊዜ ኪያራቸውን እያኘኩ «ሥራ የፈታ ሰው አትክልት ያወዳድራል» ይላሉ። ወይዘሮዋም «ተዉት፣ እሱ እንደዚህ ነው» ይላሉ።

አሁን ሳልጋበዝ ወደ ገባሁበት ቀን ልምጣ። ካቻምና ሐምሌ ወይዘሮ አርሊስ ሱቃችን ያዘዙት ትልቅ የብልቃጥ መቀቀያ ድስት ደርሶ ይዤላቸው ሄድኩ። አንኳኳሁ፤ የሚከፍት የለም። የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ይጮኻል። ድስቱ ከብዶኝ ስለነበር በሩን በክርኔ ገፋሁት። ወይዘሮ አርሊስ ሳሎን እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ጨዋታውን እየሰሙ ይሳደባሉ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አበባ ያለበት ሽርጥ የታጠቁ፣ መነጽራቸው በእንፋሎት የታወረ አንድ ትልቅ ሰውዬ አርባ ብልቃጥ ደርድረው በየብልቃጡ እንስላል ይከታሉ። አቶ ዴልማር ነበሩ።

መነጽራቸውን ጠረጉና አዩኝ።

«ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም።»

«ደግ። ድስቱን እዚያ አስቀምጥ።»

ወይዘሮ አርሊስ ከሳሎን ሆነው «ማነው?» አሉ።

«ማንም አይደለም!» አሉ አቶ ዴልማር። እኔም ማንም እንዳልሆንኩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህን ያህል ትልቅ ምስጢር አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ትንሽ ኩራትም ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ነገሩ የከረረው ባለፈው በጋ ነው። ለወይዘሮ አርሊስ ደብዳቤ መጣላቸው። ባዛሩ አምስት ጊዜ አንደኛ የወጣችውን ባለሙያ አክብሮ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በእጅ ሥራ አዳራሹ መድረክ ላይ ኪያር እንዴት እንደሚሰናዳ ለሕዝብ እንድታሳይ ይጋብዛል። ወይዘሮዋ ክብሩን እንጂ ሥራውን ልብ አላሉትም። ደብዳቤውን ይዘው ማቪስ ካፌ ገቡ፣ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ እሺ ብለው ያኔውኑ መልሱን ጻፉ። አቶ ዴልማር ቡናው ትን አላቸው። ገርሃርድ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገ «በደስታ ነው፣ በደስታ ነው» ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ነፍስ፣ አርሊስን ለማየት ተመዘገበ።

በማግስቱ ሁለቱም ሱቅ መጡ። እኔን የመደርደሪያውን ያህል አልቆጠሩኝም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ኮምጣጤውን ከውሃው እንኳን መለየት አትችዪም!»

«ታዲያ አስተምረኝ። ገና አምስት ሳምንት አለ።»

«በአምስት ሳምንት ኪያር ይበስላል እንጂ ሰው አይበስልም። አልችልም ብለሽ ጻፊላቸው፤ ወገቤን አሞኛል በዪ።»

«ወገቤን ሳያመኝ? አንተ መጥተህ አጠገቤ ቁም።»

«እኔ ባዛር አልሄድም። ሃያ ስድስት ዓመት ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

«የጠበቅኸው ቃል አይደለም፤ ኩርፊያ ነው።»

አቶ ዴልማር ወደ እኔ ዞረው «ክዳን ስንት ደርዘን ነው ያለህ?» አሉ።

ወይዘሮዋ ግን አለቀቋቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ዴልማር፣ በዚያ ሁሉ የሀገር ሰው ፊት ስዋረድ ካፌ ቁጭ ብለህ ልትሰማ ነው?»

አቶ ዴልማር ሦስት ደርዘን ክዳን ገዝተው ወጡ።

ስልጠናው ተጀመረ። ከተማው የማያውቀው ይመስለኝ የነበረውን እኔ በክዳኑ ቁጥር እከታተል ነበር። በሳምንት ሁለት ደርዘን ክዳን ሲበላሽ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በአራተኛው ሳምንት አቶ ዴልማር ብቻቸውን መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ትማራለች?» አልኳቸው፤ አፌ አምልጦኝ ነው።

«ታወራለች» አሉ። «እያወራች ትሞላዋለች። እያወራች እስከ አፍ ገደፉ ትሞላዋለች! ግማሽ ጣት ክፍተት ካልተወለት ክዳኑ አይዝም። ይህን አንድ ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ።» ክዳኖቹን ቆጥረው ያዙና «ቅዳሜ እኔ አደርሳታለሁ» አሉ። «እስከ በሩ ብቻ። ድስቱን የሚሸከምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንተ ደግሞ ያየኸውን አይተሃል።»

እንዲህ ሆኖ ነው ቅዳሜ ጠዋት በአቶ ዴልማር መኪና ኋላ ወንበር ላይ፣ ያንኑ ድስት ጭኔ ላይ ታቅፌ ሁለት ሰዓት ተኩል የተጓዝኩት። ወይዘሮ አርሊስ ከፊት ሆነው ቅደም ተከተሉን ይደግማሉ፤ «መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ኮምጣጤ፣ ከዚያ...» አቶ ዴልማር መሪውን በቡጢ እየመቱ «ኪያር! ኪያሩን የት አደረስሽው?» ይላሉ።

በሩ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት አስቆመችን።

«ዕቃ የሚያወርድ ውስጥ ገብቶ ነው፣ አባባ።»

«እኔ አልገባም። እነሱን አወርድና አዞራለሁ።»

«ማዞሪያውም ውስጥ ነው።»

ከኋላችን ሃያ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። አቶ ዴልማር አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። «አንተ ምስክር ነህ» አሉ። «የገባሁት መኪና ላዞር ነው።»

ገቡ። ቀጥሎ ሞተሩ ግሏልና ትንሽ መብረድ አለበት ተባለ። ከዚያ ድስቱ ለእኔ ብቻዬን ስለሚከብድ አንዱን ጆሮ ያዙ። እኔና ወይዘሮ አርሊስ በዋናው መንገድ ልንሄድ ስንል «በዚያ ሰው አይታለፍም፤ በዶሮዎቹ ቤት እናቋርጥ» ብለው ፊት ፊት መሩን። የተጠበሰ በቆሎ፣ የፈረስ ፋንድያና የተጠበሰ ሊጥ በአንድነት ይሸታል። ሃያ ስድስት ዓመት ያልረገጡትን ግቢ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይሳሳቱ፣ እንደ ወተት መስመራቸው፣ አዳራሹ በር አደረሱን። «እኔ የምገባው ጥላ ፍለጋ ነው» አሉና ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አርሊስ መድረክ ላይ ሲወጡ ፍርሃት የሚባል አልነበረባቸውም። ድምፅ ማጉያውን ሲይዙ ሌላ ሴት ሆኑ። ስለ እናታቸው ጓሮ አወሩ፤ ስለ ሄግዳል ትንኝ አወሩ፤ «ባሌ ኪያር ብላ ስለው ደህና ነው፤ እርዳኝ ስለው ግን ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው» ሲሉ ሁለት መቶ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የሄግዳል ሠላሳ ስምንት ሰዎች ፊት ለፊት ተኮልኩለው ያጨበጭባሉ። ኪያሩ ገባ፣ እንስላሉ ገባ፣ ሽንኩርቱም ትዝ አላቸው። ከዚያ የፈላውን ኮምጣጤ አነሱና እያወሩ ማፍሰስ ጀመሩ። እያወሩ አፈሰሱ። እያወሩ...

«ግማሽ ጣት!»

ጩኸቱ ከኋላ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ዴልማር ኮፍያቸውን ጨብጠው ቆመዋል፤ የቆሙ መሆናቸውን የተረዱት ሁላችንም ካየናቸው በኋላ ይመስለኛል።

ወይዘሮ አርሊስ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ባሌ ነው» አሉ በድምፅ ማጉያው። «ባዛር አይሄድም።»

ሳቁ እስኪያባራ ጠበቁ። ኮምጣጤው ከብልቃጡ ጠርዝ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ወይዘሮዋ አንዴ ብልቃጡን፣ አንዴ የሀገራቸውን ሰዎች፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። ዘወር አድርገው በቀልድ ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ ቀልድ አላጡም። ግን ሽርጣቸውን ፈቱ።

«እንግዲህ ና» አሉ። «ሪባኖቹ የእሱ ናቸው፣ ጎበዝ። የእኔ ወሬው ብቻ ነው።»

ከኋላው ረድፍ እስከ መድረኩ ያለው መንገድ ረጅም ነው። አቶ ዴልማር ግራም ቀኝም ሳያዩ ሄዱት። እጃቸውን ታጠቡ፣ ሽርጡን ታጠቁ፣ የተበላሸውን ብልቃጥ ገለል አድርገው አዲስ አነሱ። ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚጽፈው ብዙ የለም። ኪያሮቹን በቁመታቸው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሳያስጨንቁ ገጠገጡ፤ ሽንኩርቱን በቢላዋ ጎን አንዴ ብቻ ተጫኑት፤ ኮምጣጤውን አፈሰሱና ግማሽ ጣት ሲቀረው አቆሙ። ጣታቸውን አግድም አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። የሚናገሩት ወይዘሮ አርሊስ ነበሩ፤ «አሁን ክዳኑን ይጠርጋል፣ አሁን ያጠብቃል፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ለምን በዝግታ እንደሚሠራ አትጠይቁት» እያሉ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «ጨውስ ስንት ነው?» ስትል ብቻ አቶ ዴልማር አፋቸውን ከፈቱ።

«ሩብ ስኒ። ከዚያ አይበልጥም።»

ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ግን የሄግዳልን ሰዎች ፊት ነበር የማየው፤ ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ ብዬ። ገርሃርድ ከመጀመሪያው ረድፍ መጣ፤ የተጠበሰ በቆሎውን ግጦ ጨርሷል።

«አልገረመህም?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ኪያሩን የሚሠሩት እሳቸው መሆናቸው!»

«ኧረ ተወኝ። በየሐምሌው ፀጉሩን ስቆርጠው እንስላል እንስላል ይሸታል። አርሊስ ግን ሽቶ ነው የምትሸተው።»

«እና ለምን ምንም አላልክም?»

ማቪስ ከጎኑ ሆና መለሰችልኝ። «ሁሉም ያውቃል፤ ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሰውዬው ያፍራል እኮ! ደግሞ ቆይ፣ አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?»

አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተሸከምኩት ምስጢር፣ ሠላሳ ስምንት ሰው በጨዋነት ተካፍሎ ተሸክሞት ኖሯል። እንዲህ ነን እኛ። ጎረቤታችን ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ ቢወጣ ዘንድሮ ሱሪ አማረብህ እንለዋለን።

ወደ ማታ ገደማ ተመለስን። አቶ ዴልማር «የቆየሁት ሞተሩ እስኪበርድ ነው» ብለው ነበር፤ ሞተሩ የበረደው ግን በሬዎቹን አይተን፣ የቅቤዋን ልጅ አይተን፣ ሁለት ጊዜ የሎሚ ጭማቂ ጠጥተን ነው። ጭማቂው በእርግጥም ከበግ ጋጣው ጀርባ ነበር። ወይዘሮ አርሊስ ከፊት ወንበር ላይ አንድ ባልዲ ብስኩት ታቅፈው ይበላሉ። መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው።

«ንገረው እንጂ» አሉ ወይዘሮዋ ድንገት። «ሸክሙን አብሮህ ተሸክሟል።»

«ምኑን?»

«እኔ ልንገረው?» መልስ አልጠበቁም። «ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ያኔ በራሱ ስም ኪያር አስገባ። ሪባን ይቅርና አንድ ትንሽ ካርድ መጣችለት፤ የዳኛዋ አስተያየት። ‹ጨው በዝቶበታል› ይላል። ሁለት ቃል! ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን አላነሳም አለ። በዓመቱ ከምድር ቤት አንድ ብልቃጥ ሳይነግረኝ፣ ኧረ ምን እላለሁ፣ ሳልነግረው ወሰድኩና በእኔ ስም አስገባሁት። ሰማያዊ ሪባን!»

አቶ ዴልማር ሠላሳ አንድ ዓመት ቦቴ የነዱበትን ትከሻ ቀጥ አደረጉ። «ያው ኪያር!» አሉ። «ያው እጅ፣ ያው እንስላል! የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ዳኝነታቸው ይህ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? እኔ አልሄድም ስል ያለ ነገር መሰለህ?»

እኔ ክርክር የምወድ ሰው አይደለሁም። ዝም ልል ነበር። ግን የውድድሩን ደንብ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ስለምንለጥፈው በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አቶ ዴልማር» አልኩ፤ «ዳኞቹ ሲቀምሱ እኮ ስም አያዩም። ስሙ ያለበት ካርድ ታጥፎ ነው ብልቃጡ ላይ የሚታሰረው።»

ወይዘሮ አርሊስ ብስኩት ማኘካቸውን አቆሙ።

«እንግዲያው» አልኩ፤ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፤ «በሁለተኛው ዓመት ጨው ቀንሰው ነበር?»

በመስታወቱ አዩኝ። ከዚያ መንገዱን አዩ። ከዚያ ደግሞ እንደገና በመስታወቱ አዩኝ።

«ይህን» አሉ አቶ ዴልማር፣ «አልመልስልህም።»